ይቅር የተባለው መስታወት

የዳልጮ ሚኒባስ የፊት መስታወት የተሰበረው በዝንጀሮ ሰበብ ነው። ዝንጀሮው ግን ምንም አልሆነም። አርባ ምንጭ ላይ ከኢንሹራንስ ቢሮው እስከ ሲቀላ መናኸሪያ ድረስ በዚህ ነገር ያልሳቀ ሰው ስለሌለ፣ ከመጀመሪያው ተናግሮ መገላገል ይሻላል። የሚስቅ አሁኑኑ ስቆ ይጨርስ፤ የሚቀጥለው ያናድዳል።

ዳልጮ ሃምሳን የተሻገረ፣ አንገተ ወፍራም፣ ድምፁ ከገዛ መኪናው ጥሩምባ የሚበልጥ ሰው ነው። ድምፁ እንዲህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅነቱን የጨረሰው መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ «ላንቴ! ላንቴ! የሞላ! የሞላ!» ሲል ነው። መኪናው ውስጥ አንዲት አሮጊት ብቻ ተቀምጠው እንኳ «የሞላ» ይል ነበር። በኋላ ጌታን ሲቀበል መጀመሪያ ከተናዘዛቸው ኃጢአቶች አንዱ ይኸው ነው። ከተጣሪነት ወደ ረዳትነት፣ ከረዳትነት ወደ ሾፌርነት፣ ከዚያም ጥርሱን ነክሶ ወደ ባለመኪናነት ወጣ። ባለመኪና ከሆነ ወዲህ «ሞልቷል» የሚለው ሲሞላ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ከሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ከሱ በፊት የሚወጡት።

ሌላው ሾፌር የፊት መስታወቱን በጥቅስ፣ በሥዕልና በፕላስቲክ አበባ ሸፍኖ መንገዱን በቀዳዳ ሲያይ፣ የዳልጮ መስታወት ራቁቱን ነው። አንዲት የቦሎ ወረቀት ጥጉ ላይ፣ በቃ። «ወንድም ዳልጮ፣ የጌታን ስም ለምን አትለጥፍም?» ሲሉት፣ «ጌታን ልቤ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ መስታወት መንገድ ማያ ነው» ይላል። በየማለዳው ውሃና ጋዜጣ ይዞ እስኪጠፋ ድረስ ይወለውለዋል። ተሳፋሪው መስታወት የለም ብሎ እጁን ሊያወጣ እስኪቃጣው።

እንግዲህ አንድ ቀን ይኸው ዳልጮ ከላንቴ ተሳፋሪ ጭኖ ሲመለስ፣ ማርቆስ የተባለ የሙዝ ገበሬ መንገድ ዳር ካለው ማሳው ውስጥ ከዝንጀሮ መንጋ ጋር ተያይዟል። ማርቆስ በወንጭፍ ስሙ የተጠራ ሰው ነው፤ የጠራው ግን ራሱ ነው። አንዱ አውራ ዝንጀሮ የበሰለ ዘለላ ታቅፎ አስፋልቱን ሊያቋርጥ ሲል ማርቆስ አነጣጠረና ወነጨፈ። ዝንጀሮው ጎንበስ አለ። ድንጋዩ አላጎነበሰም። የዳልጮ መስታወት እምብርቱ ላይ ተመቶ ከዳር እዳር የሸረሪት ድር ሆነ። ተሳፋሪው ጮኸ፣ መኪናዋ ቆመች፣ ዝንጀሮው ዛፍ ላይ ወጣና ሙዙን እየላጠ ቁልቁል ይመለከት ጀመር።

ሌላ አገር ቢሆን ቡጢ ነበር። ማርቆስ ግን ወንጭፉን ጥሎ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ እየሮጠ መጣ። «ዳልጮ ወንድሜ፣ ዓይኔ ይፍሰስ! ሰው ተጎዳ?»

«ሰውስ አልተጎዳም» አለ ዳልጮ፣ አሁንም መሪውን እንደጨበጠ። «እኔ ግን አሁን አታናግረኝ። ሽማግሌ ይጠራ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዱቡሻው ላይ ተቀመጡ። ዱቡሻ ማለት የጋሞ ሽማግሌ ሸንጎ የሚቀመጥበት፣ ትልቅ ዛፍ ያለበት አደባባይ ነው። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ጋሽ ዳና ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሌላው ሲቸኩል ጆሯቸው የሚደነቁር ሰው። ማርቆስ «በድያለሁ» አለ። ዳልጮ እርጥብ ሣር ያዘና «ይቅር ብያለሁ» አለ። ተመረቁ፣ ተሳሳሙ፣ አለቀ። በዚህ ሥርዓት ከዚያ ወዲያ ያን ነገር መልሶ የሚያነሳ ሰው፣ ከመጀመሪያው በዳይ የባሰ በዳይ ነው። ዳልጮም ልቡ ቀልሎት፣ በተሰነጠቀው መስታወት ውስጥ አንገቱን እያጣመመ ባዶ መኪናውን ነድቶ ቤቱ ገባ። የሚቀረው ነገር ቀላል መስሎት ነበር። ሙሉ ኢንሹራንስ አለው፤ ሚስቱ ኢየሩስ ናት ተጨቃጭቃ ያስገባችው። ውሉም «ኦሪጅናል ዕቃ» ይላል፤ እሱንም ያስጻፈችው እሷ ናት። ኢየሩስ ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ የምትነግድ ሴት ናት፤ ዓሣውን ጉሮሮውን ገልጣ ሳታይ አትገዛም፣ ሰውንም እንዲሁ።

በማግስቱ ዳልጮ የሰንበት ኮቱን ለብሶ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄደ። የካሳ ክፍሉ ሹም ብርሃነመስቀል ይባላል። ከሰሜን ተመድቦ የመጣ፣ ከአርባ ምንጭ ሙቀት ጋር እስካሁን ያልታረቀ፣ እያላበውም ክራቫቱን የማያላላ ወጣት ነው።

«እንዴት ተሰበረ ጋሽ ዳልጮ?»

«በድንጋይ።»

«ከየት የመጣ ድንጋይ?»

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ። ሌላ ሰው ቢሆን «እኔ ምን አውቃለሁ» ብሎ ነበር። ዳልጮ ግን ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተመቻቸና «የማርቆስ ነው» አለ። «የላንቴው ማርቆስ። ጎበዝ ገበሬ ነው። ዝንጀሮ ላይ ወንጭፎ ስቶ ነው።»

«ዝንጀሮውስ?»

«ደህና ነው።»

ብርሃነመስቀል ጻፈ። «እሺ፣ መልካም። ኩባንያው ይተካልዎታል። በኋላ ወጪውን ከአቶ ማርቆስ እኛ እናስመልሳለን። የመክሰስ መብትዎን ለኩባንያው ለማስተላለፍ እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

«የመክሰስ መብት የለኝም» አለ ዳልጮ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብሎ። «ይቅር ብዬዋለሁ።»

«ምን አደረጉ?»

«ይቅር አልኩት። በዱቡሻ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ሣር ይዤ።»

ብርሃነመስቀል እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ማን ፈቀደልዎት?»

ዳልጮ ዕድሜውን ሙሉ ብዙ ጥያቄ ተጠይቋል። ትራፊክ ጠይቆታል፣ መጋቢው ጠይቀውታል፣ ኢየሩስ በየቀኑ ትጠይቀዋለች። ይቅር ለማለት ፈቃድ አለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ግን ማንም የለም።

«ውሉ ላይ አለ» አለ ብርሃነመስቀል፣ ራሱም እንደማፈር ብሎ። «ያለ ኩባንያው ስምምነት ከጉዳት አድራሹ ጋር መታረቅ፣ ምሕረት ማድረግ አይቻልም። እርስዎ ከማሩት እኛ ማንን እንጠይቃለን? ስለዚህ ወይ ይቅርታውን ይተዉና ይፈርሙ፣ ወይ ደግሞ መስታወቱን ራስዎ ይግዙ።»

ልብ በሉ! እሑድ እሑድ በየመድረኩ «ይቅር ተባባሉ» እየተባለ ይሰበካል፤ ሰኞ ይቅር ያለው ሰው ቢሮ ሲሄድ ውል እንዳፈረሰ ይቆጠራል። ዓረቦን ሲቀበሉ «ቤተሰባችን ነዎት» ይሉታል፤ ቤተሰብ መሆኑ የሚቀረው ሲጠይቃቸው ነው። ያ ወጣት ክፉ ሰው አይደለም። የሚያናድደውም ይህ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ተሳድቦ መውጣት ይቻል ነበር።

ዳልጮ ሳይፈርም ወጣና በቀጥታ ሲቀላ፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጠው ክንፉ ሱቅ ገባ። ክንፉ ታሪኩን ሰምቶ እስኪያስለው ሳቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ ድንጋይ ነው ብትል ምን ነበረበት?»

«ድንጋይ ነው አልኩ እኮ!»

«ታዲያ ወንጫፊውን ምን አስጨመረህ? ያልታወቀ መኪና ጎማ ያፈናጠረው ድንጋይ ነው ይባላል! ሁሉም የሚለው እሱን ነው። በዚህ ከተማ መስታወት የሚሰብረው ያልታወቀ መኪና ብቻ ነው። ሄደህ ተሳስቼ ነበር በላቸው።»

«አልተሳሳትኩም።»

«እንግዲያው ይህን ውሰድ» ብሎ ከጓዳ አንድ መስታወት አወጣ። «ኦሪጅናል ነው።»

«ምልክቱ የታለ?»

«ምልክቱን ልታየው ነው? እሱን እኔ እለጥፍልሃለሁ።»

ዳልጮ መስታወቱን አቁሞ በውስጡ ወደ ጎዳናው ተመለከተ። የምታልፈው ባጃጅ እንደ ጎማ ተለጠጠች። አንድ አህያ መጣ፤ አንገቱ ረዘመ፣ ግመል ሆነ፣ መልሶ አህያ ሆነ። መንገዱ ራሱ መሐል ላይ እንደ እባብ ተጥመለመለ።

«ትለምደዋለህ» አለ ክንፉ።

«እኔ ልልመደው። ሕፃን ልጅ መንገድ ሲያቋርጥስ? እሱም ይልመደው?»

ክንፉ መስታወቱን መልሶ ጓዳ አስገባ። በየአስፋልቱ ለአደጋው የምናለቅሰው በከንቱ ነው እንግዲህ። ግማሹ ሾፌር የሚነዳው አህያን ግመል በሚያደርግ መስታወት ነው፤ ምልክቱ ግን ኦሪጅናል ነው።

ዳልጮ ማታ ቤቱ ገብቶ ለኢየሩስ ነገራት። እሷ የዓሣ ቢላዋዋን እየሳለች ሰማችው። መኪናዋ ማንጎው ሥር ቆማለች። ትራፊኩ በዚህ መስታወት ሰው ትጭንና ወዮልህ ብሎታል። ዶሮዎቹ ከወዲሁ የኋላውን ወንበር ይዘውታል።

«የባርኮት አባት» አለች ኢየሩስ በመጨረሻ፣ በልጃቸው ስም ጠርታው። «ይቅርታውን ትንሽ ብታቆየው ምን ነበረበት? የሰው ልጅ አንድ ሳምንት ቢቀየም ይሞታል?»

«ሽማግሌ ተቀምጦ ልቀየም?»

«አይ፣ አንተማ ቸር ነህ። በኔ ዓሣ ገንዘብ ቸር ነህ።» ቢላዋውን የጣት ጥፍሯ ላይ ሞከረችው። «ፈርም እንግዲህ። የሚከሰው ኩባንያው ነው፤ አንተ ምን አገባህ?»

«በኔ ፊርማ ነዋ! እጄን አውሼ ከከሰሱት እኔው ነኝ የከሰስኩት። ሣር ይዤ ይቅር ያልኩትን? ጎሜ ነው።»

ጎሜ ማለት የተከለከለውን በጣሰ ሰው ላይ፣ በቤቱም በከብቱም ይወርዳል የሚባለው መዓት ነው። ኢየሩስ ቀና አለች። «አንተ የዳንህ ሰው አይደለህም እንዴ? መዘምራኑ ፊት ቆመህ ጎሜ የሚባል ነገር አልፈራም አላልክም?»

«እኔ አልፈራም፤ በጌታ ነኝ» አለ ዳልጮ። «መኪናዋ ግን አልተጠመቀችም።»

ኢየሩስ ላለመሳቅ ብዙ ታገለች። አልሆነላትም። ከሳቀች በኋላ ግን ነገሩን በመላ አሰበችው፤ ባሏ እንደማይፈርም ገባት። ባሏ ያልሞላውን መኪና «ሞልቷል» ማለት ካቆመ ጀምሮ በዚህ በኩል ሰንጋ ቢሰጡትም አይነቃነቅም። «እንግዲያው» አለች፣ «ያ ክራቫታሙ ራሱ መጥቶ ለጋሽ ዳና ይንገራቸው። ይቅርታችሁ አይሠራም ይበላቸው። ጋሽ ዳናን ማሳመን ከቻለ ያኔ ትፈርማለህ።»

ብርሃነመስቀል እንደማይመጣ ሁለቱም እርግጠኞች ነበሩ። እሱ ግን ቦታውን ማየትና ማርቆስን ማነጋገር ሥራው ነውና መጣ። ካሜራና ቦርሳ አንጠልጥሎ፣ ክራቫቱን እንዳጠበቀ፣ ላንቴ ዱቡሻው ላይ ድንጋይ ተሰጠውና ተቀመጠ። ዳልጮ አለ፣ ማርቆስ አለ፣ ሽማግሌዎቹ አሉ። ሴት ዱቡሻው ላይ ስለማትቀመጥ ኢየሩስ በባጃጅ መጥታ መንገዱ ዳር ቆመች፤ እየሰማች መሆኗን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያያትም።

«ማን ተበደለ?» አሉ ጋሽ ዳና።

«ኩባንያው» አለ ብርሃነመስቀል።

«የታለ?»

«አዲስ አበባ ነው። ማለቴ፣ ሰው አይደለም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ሰው ካልሆነ እንዴት ይቀየማል?»

«አይቀየምም። ወጪውን ነው የሚያስመልሰው።»

«ሳይቀየም ነው የሚከስ?» አሉ ጋሽ ዳና፣ እውነት አዝነው። «ይሄ የባሰ ነው፤ ልጄ። የተቀየመ ሰው ይበርድለታል።»

ማርቆስ ይህን ሲሰማ ብድግ አለ። «እኔ ልክሰስ! ዳልጮ ይፈርም! ድንጋዩ የኔ፣ ወንጭፉ የኔ። መኪናው በኔ ምክንያት ዶሮ ይሳፈርበት? ይክሰሱኝ!»

«ተቀመጥ!» ዳልጮ ተነሣ። «ይቅር ያልኩህን ማን ሊከስህ?»

«እኔ ራሴ ፈቅጄ!»

«ፈቃድህን ማን ጠየቀህ? ይቅር ብዬሃለሁ ብዬሃለሁ!»

«ይቅርታህን አልፈልግም እንግዲያው፤ ውሰደው!»

«አልወስድም!»

ተናነቁ። ሁለት የታረቁ ሰዎች በእርቃቸው ምክንያት ኮሌታ ተያያዙ። ብርሃነመስቀል ካሜራውን አቅፎ ወደ ኋላ ሸሸ፤ በሥራ ዘመኑ ከሳሽ የሚያመልጥ ተከሳሽ እንጂ ካልከሰስከኝ ብሎ የሚደባደብ አላየም። ሽማግሌዎቹ ገላገሏቸው፣ እንደገና «በድያለሁ»፣ እንደገና «ይቅር ብያለሁ»፣ እንደገና ሣር። ሣሩ በዚያ ቀን አለቀ።

ይሄን ጊዜ መንገድ ዳር የቆመችው ኢየሩስ ትዕግሥቷ ተሟጠጠ። «ኩባንያው እስካሁን ምን ከፈለና ነው የተበደለው?» ብላ ጮኸች። «መስታወቱ አልተገዛ! ገና ሳይጎዳ ምን ያስለቅሰዋል?»

ማንም ወደሷ አልዞረም። ጋሽ ዳና ጢማቸውን ዳብሰው፣ አሁን ከራሳቸው ልብ የፈለቀ በሚመስል ድምፅ፣ «አንድ ነገር አሰብኩ» አሉ። «ኩባንያው እስካሁን ምን ከፈለ?»

ሽማግሌዎቹ «እውነት ነው፣ እውነት ነው፤ ጥልቅ ነገር ነው» አሉ። ኢየሩስ መንገድ ላይ ሆና ሰማዩን አየች። እንግዲህ ይሄም ጉድ ይጻፍ። የሴት ቃል ዱቡሻ የሚገባው በወንድ አፍ ተሳፍሮ ነው፤ ሒሳቡንም የሚቀበለው አፉ ነው።

ብርሃነመስቀል ግን የሰማው ከመንገዱ ነበር፤ ወደ መንገዱም ዞሮ መለሰ። «ምንም አልከፈለም፣ እመቤቴ።» ደንቡን በልቡ ሲያገላብጥ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ኩባንያ በተጎጂው ቦታ ተተክቶ የሚከሰው ከከፈለ በኋላ ነው፤ ይህን ሲማርም ያውቀው ነበር። ፊርማውን አስቀድሞ መቀበል የቢሮው ልማድ እንጂ የሕጉ ቃል አይደለም። ልማድ ደግሞ ሰው ጠይቆት እስኪያይ ድረስ ሕግ ይመስላል።

«ቢከፍል» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከዚያ በኋላ ተጎጂ ይሆናል።»

«እንግዲያው ይክፈልና ይጎዳ» አሉ ጋሽ ዳና። «ተጎድቶ ይምጣ። የዚያኑ ቀን እናስታርቀዋለን።»

ብርሃነመስቀል አንዳች ሳይደብቅ ጽፎ ላከ። ዝንጀሮውንም፣ ሣሩንም፣ ካልከሰስከኝ የሚለውንም ተከሳሽ። ዋና መሥሪያ ቤት ደወሉለት፤ ዱቡሻ ማለት ፍርድ ቤት ነው ወይ አሉት። ከፍርድ ቤት ይፈጥናል አላቸው። ለምን ዋጋው ረከስ ያለ ኮፒ አይገጠምለትም አሉት። ውሉ ኦሪጅናል ይላል፣ ያስጻፈችው ሴትዮም መንገድ ዳር ቆማ ትሰማለች አላቸው። አልገባቸውም፤ ግን ፈሩ። መስታወቱ በፍራሽ ተጠቅልሎ ከአዲስ አበባ መጣ። ኢየሩስ ጥጉ ላይ ያለውን ምልክት በጥፍሯ ፋቀችው፤ አልተላጠም። ያኔ ነው ይገጠም ያለችው። ዳልጮ አዲሱ መስታወት ሲገጠም መሪው ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት አየ። አህያ አለፈ። ከዳር እዳር አህያ ነበር። ዳልጮ በዚህ ዕንባው መጣ፤ ለምን እንደመጣ ሲጠየቅ አቧራ ነው አለ፤ ይህም ከዳነ ወዲህ ከዋሻቸው ጥቂት ውሸቶች አንዱ ነው።

ደስታው ግን ሙሉ አልሆነለትም። ኩባንያው አሁን ተጎድቷል። ብርሃነመስቀል ነገ ተነሥቶ ማርቆስን ፍርድ ቤት ቢያቆመው፣ በአዲሱ መስታወት የሚነዳው ዳልጮ ነው፤ ላንቴ በየትኛው ፊቱ ይገባል? ስለዚህ ሹሙን ለእርቅ ላንቴ የማምጣቱን ሥራ ራሱ ያዘ። ጠዋት ጠዋት ቢሮው በር ላይ መኪናዋን ያቆምና በዚያ በመናኸሪያ ድምፁ «ላንቴ! ላንቴ! አቶ ብርሃነመስቀል፣ ላንቴ!» ይላል። ቢሮው በሙሉ በመስኮት ብቅ ይላል። በመጨረሻ ሹሙ ጆሮውን ይዞ ወረደና መኪናዋ ውስጥ ገባ።

በዱቡሻው ላይ ማርቆስ ለሦስተኛ ጊዜ «በድያለሁ» አለ፤ በደንብ ለምዶታል። ጋሽ ዳና ለብርሃነመስቀል እርጥብ ሣር ሰጡት። እሱ ሣሩን በሁለት ጣቱ ያዘው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው «በሚቻለው መንገድ ይጨረስ» ብቻ ነው፤ የሚቻለው መንገድ የትኛው እንደሆነ አልነገሩትም። ይቅር ቢል ነገ ከሥራው ሊጠየቅበት ይችላል። ባይል ደግሞ፣ እነዚህ ሁሉ ዓይኖች አሉ። ዳልጮ ትንፋሹን ውጦ፣ ሁለት ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ይጠብቀዋል፤ ካሳ ያመለከተ ቀን እንኳ እንዲህ አልጠበቀውም።

የብርሃነመስቀል ስልክ ጮኸ። አውጥቶ አየው፤ አዲስ አበባ ነው። ስልኩን በግራ እጁ፣ ሣሩን በቀኙ እንደያዘ ላቡ ግንባሩ ላይ ወረደ። ክራቫቱን ሳብ አድርጎ አላላ።

«ይቅር ብያለሁ» አለ።

ሽማግሌዎቹ መረቁ። ማርቆስ አቅፎ አነሳው። ዳልጮ የያዘውን ትንፋሽ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲለቅ መንገድ ዳር ያሉ ፍየሎች ደነበሩ። ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«አንሳውና ንገራቸው እንጂ» አሉ ጋሽ ዳና። «ሲታረቁ ቤተ ዘመድ ይነገረዋል።»

ብርሃነመስቀል አነሳው። «አቤት ጌታዬ... አዎ፣ የላንቴው ጉዳይ... አልቋል። ታርቀናል።» ወዲያ ማዶ ረጅም ንግግር ተሰማ። እሱ ሣሩን እያየ አዳመጠና አንገቱን ነቀነቀ። «አይ ጌታዬ፣ እኔ ብቻ አይደለሁም። እርስዎንም ጨምሮ ነው።»